የመጨረሻው ስንት ነው?

«ልጅቷን ኮሌጅ ነው ወይስ ደጀ ሰላም የምትወስጃት?» አለ ወልደሚካኤል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያጠለቀ።

ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ሚስቱ ሠርኬ ገና በማለዳው ልጃቸውን ማርያማዊትን በሩ አጠገብ አቁማ እንደ ስታዲየም ፈታሽ ከላይ እስከ ታች እያየቻት ነበር። ለዘመን መለወጫ የተገዛላትን ነጭ ስኒከር አስወልቃ ተረከዙ የተበላ አሮጌ ጫማ አጫምታታለች። ሰዓቷን አስፈትታታለች። ስልኳን ቦርሳዋ ሥር አስገብታ፣ «እዚያ ደርሰን እንዳታወጪው፤ ስልክ ያየ ሻጭ ዋጋ ይሰቅላል» ብላ አስጠንቅቃታለች። ራሷም ለቅሶ የምትደርስበትን ቀሚስ ለብሳ፣ የጆሮ ወርቋን አውልቃ፣ ከቤት የማይወጣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ልብሱ ካለቀ በኋላ የቀረው ፊት ነበር። «እስቲ ፊትሽን» አለቻት። ማርያማዊት ፊቷን ቀና አደረገች። «አይሆንም፣ ዓይንሽ ይስቃል! ደስ የሚልሽ ነገር ስታዪ ወደ ግድግዳ ዙሪ። ‹ዋው› የምትል ቃል ካፍሽ ከወጣች አለቀልን። ዕቃውን እንደወደድሽው አንዴ ካወቁ አምስት ሳንቲም አይቀንሱም።»

«እማዬ፣ ኮሌጅ'ኮ ነው።»

«ይሸጣል አይደል? ታዲያ!»

ሠርኬ ዱባይ ተራ፣ ፎቅ ላይ፣ ሻንጣና ቦርሳ ትነግዳለች። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሣ ወፈር ያለ ደንበኛ ሲገባ ባለቤቲቱ መውጣት አለባት። ቢሆንም በዚያች ጠባብ ሱቅ ነው ቤት የቆመው፣ ልጅ ያደገው። ሠርኬ በሕይወቷ የተጠየቀችውን ሳትከራከር የምትከፍለው ለመብራት ኃይልና ለታክሲ ብቻ ነው፤ ለታክሲውም ቢሆን ረዳቱን ሁለት ቃል ሳትናገረው አትወርድም። የመርካቶ ሰው ሊገዛ ሲወጣ የራሱ ሕግ አለው። ከመጀመሪያው ሱቅ አይገዛም። ዕቃውን የሚዳስሰው እያቃለለ ነው። ዋጋው ካልጣመው «ይቅናችሁ» ብሎ ይወጣል፤ አወጣጡም ቀስ እያለ ነው፤ ብዙ ሳይርቅ ሻጩ «ነይ እንጂ፣ ምን አስኮረፈሽ?» ብሎ እንደሚጠራው ያውቃልና። ካልተጠራ ግን ሄደ ማለት ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። የተመለሰ ገዢ አንገቱን ሰጥቷል። ሠርኬ ራሷ ዞሮ በመጣ ደንበኛ ላይ መቶ ብር ሳትጨምር ሸጣ አታውቅም፤ ያቺ መቶ ብር ደግሞ ከሌላው ትርፍ ሁሉ ትጥማታለች።

ዛሬ የሚገዛው ዕቃ ግን እንደ ሻንጣ በየሱቁ የተደረደረ አልነበረም። አምና ወልደሚካኤል በኩላሊት ጠጠር ሲሰቃይ፣ በሄዱበት ሆስፒታል ሁሉ «ማሽኑ ተበላሽቷል» እየተባሉ ሲመለሱ፣ ማርያማዊት አንዷን ነርስ «ማነው የሚጠግነው?» ብላ ጠየቀቻት። «ባለሙያው ከውጭ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው» አለቻት። አባትየው ጠጠሩ ወጥቶለት እንደ ልቡ መብላት ጀመረ፤ ያ መልስ ግን ልጅቷ ሆድ ውስጥ ቀረ። የሕክምና መሣሪያ የሚጠግንና የሚሠራ መሐንዲስ ካልሆንኩ ብላ ተነሣች፤ ትምህርቱም ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ይባላል። ስንቱ በወደቀበት ዓመት አሥራ ሁለተኛን አለፈች። የደረሳት ምደባ ግን መንገዱ የሚያሰጋ ሩቅ አገር፣ ያውም ያልመረጠችው ትምህርት ሆነ። «በየሌሊቱ ስልክ እየጠበቅሁ ልጅ አላስተምርም» ብላ ሠርኬ ነገሩን ዘጋችው። የቀረው የግል ኮሌጅ ነው። ይህን ትምህርት የሚያስተምሩት በጣት የሚቆጠሩ፣ ከነሱም ሠርኬ ደፍራ ዋጋ የምትጠይቃቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የሁለቱም ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነበር። ሠርኬ ቀኑን ረስታው አይደለም የቆየችው። ሻጭ የሚለሳለሰው ሊዘጋ ሲል ነው ብላ፣ አውቃ፣ የመጨረሻዋን ቀን ጠበቀች።

የመጀመሪያው ኮሌጅ ስሙ ባይነሣም ግድ የለም። ከአንድ የቀለም መሸጫ በላይ ሁለት ፎቅ ይዞ የተቀመጠ ነው። ዘበኛው በሩን ሳይከፍት ደርሰው ደጃፉ ላይ ጠበቁ፤ ይህም በዕቅድ ነው፤ የማለዳ የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን አይሸኝም። «የዛሬ ማስጀመሪያህ እኔ ነኝ፤ ገድህ ነኝ፤ አስተያየት አድርግልኝ» አለችው ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠውን ቀለበተ ብዙ ሰው። ሰውየው ባለቤቱ ራሱ ነበርና ቋንቋዋ ወዲያው ገባው። ለአንድ ሴሚስተር ሠላሳ ሺህ አለ። ሠርኬ ከንፈሯን ስታጣምም ሃያ አምስት አለ። ነጠላዋን ስታስተካክል ሃያ ሁለት፣ ስትነሣ አሥራ ስምንት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕልል ይል ነበር። ሠርኬን ግን ከፋት። ሳይለመን የሚቀንስ ሻጭ የዕቃውን ጉድ ያውቃል። ማርያማዊት በተማረችው የደነዘዘ ፊት፣ «ላቦራቶሪውን ማየት ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። ቁልፉ ልጁ ጋ ነው፤ ልጁ ደግሞ ወጥቷል። መቼ ይመለሳል? እሱ እንኳን አይታወቅም። እናትና ልጅ ተያይተው ተነሡ። ደረጃውን ሲወርዱ ሰውየው ከላይ ሆኖ «አሥራ ስድስት! ኧረ ነይ፣ የእህቴ ልጅ ናት ብዬ ነው!» እያለ ተጣራ። ሠርኬ አልዞረችም። ግን መጠራቱ ደስ አላት፤ አሥራ ስድስቷንም እንደ ጦር መሣሪያ በልቧ ይዛ ወጣች።

ሁለተኛው ኮሌጅ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። እዚህ የላቦራቶሪው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ሆዱ የተከፈተ አሮጌ የልብ ምት ማሳያ ተዘርግቶ፣ ጥቂት ተማሪዎች አንገት ላንገት ገጥመው ሽቦ በሽቦ ይከተሉታል። አንዷ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ የሆነ ነገር ነካች፤ ማሳያው ላይ አረንጓዴ መስመር ብልጭ ብላ እየዘለለች መሄድ ጀመረች፤ ሁሉም በአንድ አፍ ጮኹ። ማርያማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትእዛዝ ነውና ግድግዳውን አፍጥጣ ስታየው መምህሩ ተጠግቶ፣ «ይቺን ልጅ አሟታል እንዴ? ወንበር ላምጣላት?» ብሎ ሠርኬን ጠየቃት። «ደህና ናት፤ ከፍታ አይስማማትም» አለች ሠርኬ። ልጅቷ እንዴት ያለ ነገር እንደታዘዘች ሠርኬ አልገባትም ማለት አይደለም። የማርያማዊት ጆሮ ሥር ያለችው ደም ሥር ትዘል ነበር፤ አይታታለች። አይታም፣ በዚህማ ጠንክሬ መከራከር አለብኝ አለች በልቧ።

ሬጅስትራሩ ኃይለልዑል ይባላል። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ነው። ቆሞ ተቀበላቸው፤ ወንበር ሳበላቸው። ሠርኬ ማስጀመሪያነቷን ነገረችው፤ ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» አላት እንጂ ምን ማለቷ እንደሆነ ያወቀ አይመስልም።

«ለአንድ ሴሚስተር ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው እናቴ። በአንድ ጊዜ ነው የሚከፈለው።»

«እሱን ተወውና የመጨረሻው ስንት ነው?»

«የመጨረሻውም እሱ ነው።»

«ወዲያ ማዶ በአሥራ ስድስት ሰጥተውኛል።»

«ጥሩ ነዋ! እዚያ ያስመዝግቧት እንግዲህ» አለ ኃይለልዑል፣ ያለ አንዳች ሽሙጥ፣ ከልቡ።

እንዲህ ያለ መልስ ሠርኬ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ሻጭ ሲሰድብ ታውቃለች፤ ሲለማመጥ፣ በልጆቹ ሲምል፣ ኪሳራዬ ነው ብሎ ሲያለቅስ ታውቃለች። መንገዱ ይቅናችሁ ብሎ ወደ ባላንጣው ሱቅ የሚሸኝ ግን አላጋጠማትም። ሃያ አምስት አለች። ሃያ ስምንት አለች። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሱቅ ኪራይ፣ ስለ ባሏ ኩላሊት ነገረችው። ኃይለልዑል እያዘነ አዳመጣትና፣ «ዋጋውን የምወስነው እኔ አይደለሁም እናቴ። ደግሞ የቀሩን ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ ላቦራቶሪው ከዚያ በላይ አይችልም። የልጅቷን ስም ልያዝ?» አላት። ሁለት ብቻ! ሠርኬ ይህን ስትሰማ ልቧ መለስ አለ። እንግዲህ ወደምታውቀው አገር ገባች። ደርዘን ሻንጣ ከመጋረጃው ኋላ ቆልላ «የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት» ብላ ያልሸጠችበት ቀን የለም። «ዋጋ ሳንስማማ ስም ምን ያደርግልሃል!» አለችና ብድግ አለች። «እንግዲህ ይቅናችሁ።»

አወጣጧ እንደ ሕጉ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አጣፋች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የክረምት ማስታወቂያ፣ ዓመት ያለፈውን፣ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበችው። ደረጃው ላይ ጫማዋን አራገፈች። ማንም አልጠራትም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ዝም። ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ «ደህና ይዋሉ እናቴ» አላት። ውጭ መንገዱ ዳር ውሃ ገዛች፤ አልጠማትም። ክዳኑን እያጠበቀች እየከፈተች ወደ አራተኛው ፎቅ መስኮት አንጋጠጠች። መስኮቱ ላይ አንዲት እርግብ ብቻ ነበረች። ማርያማዊት ከጎኗ ቆማ ሚኒባሶቹን ታያለች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ ጠዋት የተማረችው ፊት ነው፤ ደህና አድርጋ ነው የተማረችው። «ይጠሩናል፤ ቁጥሩን ሊመካከሩ ነው» አለች ሠርኬ። ልጅቷ «እሺ» አለች። ውሃው አለቀ። «ሱቅ እንክፈት እማዬ» አለች ማርያማዊት በመጨረሻ፣ ያለ ቁጣ፣ እንደ ማንኛውም ቀን።

ድልድዩን በእግራቸው ተሻገሩ። ተሸካሚዎች «ዞር! ዞር!» እያሉ በመሐላቸው ያልፋሉ፤ ረዳቶች በየበሩ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ፤ አንዱ ነጋዴ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ከምሮ «እናት፣ ለልጅሽ!» ይላታል። በሌላ ቀን ቢሆን ዋጋ ሳትጠይቀው አታልፈውም ነበር፤ ለመግዛት ሳይሆን እንዲያው ለእጅ ማፍታቻ። ዛሬ አልሰማችውም። እናትና ልጅ መርካቶን እስኪያጋምሱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሠርኬ በጎን እያየቻት ትሄዳለች። አልቅሳ ቢሆን አባብላት ነበር፤ ተቆጥታ ቢሆን ተቆጥቼ ዝም አሰኛት ነበር ትላለች በሆዷ። ዝም ያለ ሰው ግን ከየት ይያዛል? ሱቁን ከፍተው ሻንጣዎቹን ደጅ አወጡ፤ ማርያማዊት ቦርሳዎቹን በየመንጠቆው ሰቀለች፤ አቧራ ጠረገች፤ የተማሪዎቹን ሻንጣ ከፊት አደረገች። ወቅቱ የምደባ ነውና አገሩ ሁሉ ለልጁ ሻንጣ ይገዛል።

«አኩርፈሻል?»

«አላኮረፍኩም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

ሠርኬ ጸጉሯን በሻሽ ሸፈነችና ወደ ጎረቤቷ ወደ ናኢማ ሱቅ ዘለቀች። ናኢማ ሽቶና ሻርፕ ትሸጣለች፤ ሁለቱ ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ አንዷ ምሳ ስትበላ ሌላዋ የሁለቱን ሱቅ ትጠብቃለች። ሠርኬ ነገሩን ከነጫማው ጀምራ አጫወተቻት። ናኢማ ሽቶ ጠርሙሶቿን እየወለወለች ሰማቻት፤ ትምህርቱ ምን እንደሆነ ግን ሊገባት አልቻለም። «ሐኪም ነው የምትሆነው ወይስ መካኒክ?» አለች። «የሐኪም ዕቃ ሐኪም ነው» አለች ሠርኬ፤ ስትለው ጊዜ ራሷ ወደደችው። «ቆይ ይጠራሉ። ጠዋት ያ ሌላው እንዴት እንደጠራኝ ብታዪ፤ እስከ ደረጃው ድረስ!»

ይህን እያሉ አንዲት ሴት ሸንቃጣ ልጇን አስከትላ ሠርኬ ደጃፍ ላይ ቆመች። ትልቁን ሰማያዊ ሻንጣ ጎማውን አሽከረከረች፤ ዚፑን ከፍታ ዘጋች፤ «ይሄ ደግሞ ላስቲክ ነው» አለች እያቃለለች። ሠርኬ ሮጣ መጣች። አራት ሺህ አምስት መቶ ብላ ጀመረች። ሴትየዋ ሦስት ሺህ አለች። አራት ተባለ፤ ሴትየዋ «ይቅናሽ» ብላ ልጇን ጎተተች፤ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ቀስ እያለች፣ ሄደች። «ነይ እንጂ እናቴ! ምን አስኮረፈሽ? ነይ ውሰጂው!» ቃሉ ከሠርኬ አፍ የወጣው ሳታስበው ነው። በሦስት ሺህ ስድስት መቶ ተሸጠ። ልጁ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ገና ከአሁኑ ዩኒቨርሲቲ የገባ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

ናኢማ መሐላቸው ያለውን ግድግዳ ተደግፋ ታያት ነበር። «ለምን ጠራሻት?» አለቻት።

«ትሂድብኝ እንዴ? ዕቃዬ'ኮ ነው! ብትሄድ የሚጎድልብኝ እኔ።»

«ጎሽ። ያ ኮሌጅ የተቀመጠው ልጅስ፣ ዕቃው የሱ ነው?» ናኢማ እጇን አራገፈች። «ደመወዝተኛ ነው ሠርኬ! ብትሄጂም ብትመጪም ወር ሲሞላ የሚያገኘው ያው ነው። ምን ብሎ ይጠራሻል? የጠዋቱ ሰውዬማ ባለሱቅ ነው፤ ይጠራሻል። ወላሂ፣ አንቺ ከሂሳብ ሠራተኛ ጋር ነው ስትከራከሪ የዋልሽው።»

ሠርኬ ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት አመለጣት? ሃያ ምናምን ዓመት ሰው ፊት ስታነብ ኖራ፣ ያንን ልጅ ግን እንደ ነጋዴ አነበበችው። ታዲያ ሁለት ቦታ ነው የቀረን ያለው እውነቱን ቢሆንስ? ውሸት ለመዋሸት ምን ጥቅም አለው? ደመወዙ ያው ከሆነ ሁለት ማለት ሁለት ነው። ምናልባትም አሁን አንድ ነው። ምናልባትም አሁን አንድም የለም። ልጇን ቀና ብላ አየቻት፤ ማርያማዊት ጥግ ላይ ተቀምጣ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻ ትሰፋለች። መርፌውን ስትስበው እጇ አይንቀጠቀጥም። ይቺን እጅ ነው ለአሥር ሺህ ብር ብዬ ሸጬ የመጣሁት አለች ሠርኬ፤ አልቅሺ አልቅሺ አላት። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ባሏ ጠጠሩ ሲያስጮኸው እንኳ እንዲህ አልፈራችም፤ ያኔ ጥፋቱ የማሽኑ ነበር።

መመለስ አለባት። መመለስ ደግሞ አትችልም። አንዴ ‹ይቅናችሁ› ብለው የወጡበት ቤት እንዴት ይገባል? ምን ፊት ይዞ? ዋጋውም ወጥቶ ይጠብቃታል፤ ሠላሳ ስምንቱ አርባ፣ አርባ ሁለት ይሆናል፤ እሷ ብትሆን እንደዚያ ታደርግ ነበርና። ዘዴ መጣላት። «ናኢማዬ፣ አንቺ ሂጂልኝ፤ የኔ ልጅ ናት በይና አስመዝግቢያት። አንቺን አያውቁሽም፤ ዋጋ አይጨምሩም።»

«እኔ?» ናኢማ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ወልደሚካኤል የሚባል አባት ያላት ልጅ ይዤ የናኢማ ልጅ ናት ልበል? ሠርኬ፣ ነጠላሽን ልበሺና ሂጂ። ሱቁን እኔ አይልሻለሁ። እኔ አላየሁሽም፤ ስትመለሺም አልሰማሁም። ይበቃሻል?»

ሠርኬ ተነሣች። ወደ ልጇ ዞራ ምን እንደምትላት ስታስብ ማርያማዊት መርፌዋን ሰክታ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። «የት ነው የምንሄደው?» አላለችም። እሷም አልነገረቻትም። ታክሲ ያዙ፤ ሠርኬ ረዳቱን አንድ ቃል ሳትናገረው ከፈለች፤ ረዳቱ ገርሞት ዞር ብሎ አያት። መንገድ ተዘጋግቶ ሚኒባሱ ድልድዩ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ሲሳብ፣ ሠርኬ የምትለውን በሆዷ ትለማመዳለች። አርባ ካለ እሺ እላለሁ። አርባ ሁለት ካለ የጆሮ ወርቄ አለ። ቦታው አልቋል ካለ... እዚህ ላይ ልምምዱ ይቆምባታል። ልጅቷ መስኮት ታያለች። ደረጃውን ሲወጡ ሠርኬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው፤ ግን ትንፋሹ ብቻ አልነበረም። ማርያማዊት ክንዷን ያዘቻት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነካኩት ያኔ ነው።

ኃይለልዑል ሊወጣ ወረቀቱን እየሰበሰበ ነበር። ሲያያቸው እንደ ጠዋቱ ብድግ አለ፤ እንደ ጠዋቱ ወንበር ሳበ። ሠርኬ አልተቀመጠችም። የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። «ተመልሼ መጣሁ» አለች። ከዚህ የከበደ ቃል ተናግራ አታውቅም። «ጠዋት ሳላውቅ ነው። የፈለግኸውን ያህል ጨምርበት። ቦታው ግን... ቦታው አለ?»

«ምን እጨምራለሁ እናቴ? ያው ሠላሳ ስምንት ነው።» ኃይለልዑል ግራ ገባው። «ቦታውማ የማርያማዊት ወልደሚካኤል ቦታ ተይዟል። ሳትመጡ የምትቀሩ መስሎኝ ፈርቼ ነበር።»

ሠርኬ ስም አልሰጠችም። ስም ልያዝ ሲላት ከልክላዋለች፤ ያስታውሳል፣ እሷም ታስታውሳለች። «ስሟን ማን ነገረህ?»

«ራሷ ናታ። ረፋዱ ላይ ደወለችልኝ፤ ቁጥራችን በሩ ላይ ተጽፏል። ‹እናቴ ራሷ ተመልሳ ትመጣለች፤ እስከዚያ ቦታዬን ያዙልኝ› አለችኝ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት፤ እንደወጡት አወጣጥ የሚመለሱ አልመሰለኝማ።» ልጁ ጠረጴዛውን እያየ ፈገግ አለ። «‹ለራሷ ቢሆን ሞታም አትመለስም፤ ለኔ ከሆነ ግን ትመጣለች› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰው መጥቶ አንዱን ቦታ ሰጥቼ ሌላውን መለስኩት።»

ሠርኬ ወደ ልጇ ዞረች። ቀኑን ሙሉ ኩርፊያ ነው ያለችው፣ ቁጣ ነው ያለችው፣ ተስፋ መቁረጥ ነው ብላ አንጀቷ ያረረበት ያ ዝምታ፣ ለካ መጠበቅ ነበር። ልጅቷ መርፌ ስትስብ እጇ ያልተንቀጠቀጠው ስለማታውቅ አልነበረም፤ ስለምታውቅ ነው፤ እናቷን ከናቷ ይበልጥ ስለምታውቃት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። «አንጀቴን በልተሽው ስትውዪ!»

«ብነግርሽ ትመጪ ነበር?»

ሠርኬ ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው። ተነግሯት ቢሆን ኖሮ፣ ቦታው ተይዟል ማለት ዋጋው ገና ይቀንሳል ማለት ነው ብላ እስከ ማታ ሱቋ ትቀመጥ ነበር። ማርያማዊት ይህንንም ታውቃለች። ሠርኬ ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ እንደ ልቅሶ ቤት ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ትከሻዋ እየዘለለ። ስለ ፍርሃቷ አለቀሰች፤ እንዲህ ስለታመነችም አለቀሰች። ማርያማዊት ከኋላዋ ቆማ አንገቷን አቀፈቻት፤ እሷም ጠዋት የያዘችውን ፊት መያዝ ተሳናት፣ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

ኃይለልዑል ተጨነቀ። አንዴ በሩን፣ አንዴ የሰበሰበውን ወረቀት፣ አንዴ የሴትየዋን ትከሻ ያያል። መጨረሻ ላይ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ፣ ኮሪደር ላይ ሰው እንዳይሰማው ይመስል ድምፁን ቀንሶ፣ «እናቴ፣ እባክዎ አያልቅሱ። ለዲኑ እነግርልዎታለሁ፤ በሁለት ጊዜ እንዲከፍሉ አደርጋለሁ» አላት።

«ተው ልጄ፣ ስለሱ አይደለም የማለቅሰው» አለች ሠርኬ ከነጠላዋ ሥር። ከዚያ ልቅሶው ቀጥ አለ። ነጠላው ቀስ ብሎ ገለጥ አለና አንድ ዓይን ብቅ አለች፤ እርጥብ ናት፤ ግን ነቅታለች። «በሁለት ጊዜ ነው ያልከው? በሦስት አይሆንም?»